ብር፣ ናቅፋና ጨው

የኢትዮጵያና የኤርትራ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁላችንም ወደ ሁለት ቀኖች እንሮጣለን። አንደኛው ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ ኤርትራ ነጻነቷን በይፋ ያወጀችበት። ሁለተኛው የ1990 ዓ.ም. ግንቦት ነው፤ በባድመ ሰበብ ጦርነት የተቀጣጠለበት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሰልፍ ያልተወጣበት፣ ዘፈን ያልወጣለት ሌላ ወቅት አለ። በዚያው በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲጠባ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ማሰራጨት ጀመረች፤ ኢትዮጵያም በበኩሏ የብር ኖቶቿን ቀየረች። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወቅት ነው። እንደ እኔ እምነት በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ ሰው ጓዳ ላይ ረጅሙን ጥላ ያጠላው የገንዘቡ መለያየት ነው፤ ጦርነቱ ግን ድምፁ ስለ በረታ የሌላውንም ዕዳ ጠቅልሎ በስሙ አስመዘገበ።

ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ አዘዞን አልፈው ጥቂት እንደ ሄዱ የሚያገኟት ከተማ ናት። ከደቡብ የሚመጣ የጭነት መኪና ጎንደር ከመግባቱ በፊት በእርሷ በኩል ያልፋል። የጎንደር ሰው አገሩን በሦስት በር ያስባል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ምዕራቡ በር መተማ ነው፤ ወደ ሱዳን። ደቡቡ በር ይኸው በጠዳ የሚያልፈው መንገድ ነው። ሰሜኑ በር ባለ ሁለት መዝጊያ ነው፤ አንዱ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ወርዶ በሽሬ በኩል አሥመራ ይደርሳል፤ ሌላው በሳንጃና በዳንሻ አልፎ ሑመራ ይወርድና የተከዜን ድልድይ ሲሻገር ኦምሐጀር ላይ የኤርትራን አፈር ይረግጣል። ከሦስቱ አንዱ ሲዘጋ ቤቱ በአንድ ጊዜ አይጨልምም፤ የሚገባው ነገር በሌላኛው በር ዞሮ ይመጣል። ዞሮ የሚመጣ ዕቃ ግን የዞረበትን መንገድ ኪራይ ከገዢው ላይ ያስከፍላል።

ጎንደር ከተቆረቆረችበት ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ባሕሯ ምጽዋ ነበረ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በመስከረም ወር ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ ጎንደር የገባው በተከታዩ ዓመት በየካቲት ነው፤ አምስት ወር ፈጅቶበታል። ነጋዴው ግን በዚያው ጎዳና በየዓመቱ ይመላለስ ነበር። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር የወሰነበት የጎንደር እስላም ነጋዴ፣ የከተማይቱን ኑሮ ከባሕሩ ጋር አሥሮ የያዘ እርሱ ነበር። ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ስሙን ማንሣት ቢያሳፍርም ባሪያም ይወርዳል። ጨርቃ ጨርቅና ሐር ይወጣል።

ከዚያ ሁሉ ሸቀጥ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚበጀን አሞሌ ነው። አሞሌ ከአፋር ረባዳ ምድር፣ ከአርሆ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ጎንደርና ከጎንደርም ወደ ደቡብ የሚጓዝ የጨው ጡብ ነበረ፤ ሸቀጥም ነው፣ ገንዘብም ነው። በአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ቁጥር ከምንጩ በተራቀ ልክ እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱም በየኬላው ቀረጥ አለ፣ በየወንዙ አደጋ አለ፣ የአጋሰሱም ድካም አለ። እንግዲህ በአሞሌ የገበየ ሰው የመንገዱን ርዝመት በእጁ ይዞት ይዞር ነበር ማለት ነው። ክረምት ሲመጣ የሚሟሟ፣ ሲቸግር ወጥ ውስጥ የሚገባ ገንዘብ! እኛ በባንክ መስኮት የተቀመጥን ሰዎች ስለ ገንዘብ ዋጋ መውደቅ ብዙ እናወራለን፤ ገንዘቡ ዝናብ መትቶት እያየ የሚያልቅበትን ሰው ጭንቀት ግን አናውቀውም።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ ጎንደርን የአማራ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት፤ የሊማሊሞንም ገደል ቆርሶ ከአሥመራ ጋር በመኪና መንገድ አገናኛት። ለራሱ ጦር ብሎ የሠራው መንገድ ለኋለኛው ነጋዴ ቀረ። ከጣልያን መውጣት በኋላ ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሆና በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ስትገበያይ ቆየች። መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትተሳሰር የኢትዮጵያ ገንዘብ መረብን ተሻገረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ለአርባ አምስት ዓመት በአሥመራና በጎንደር፣ በምጽዋና በጠዳ ሰው ኪስ ውስጥ የነበረው ገንዘብ አንድ ዓይነት ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ጦርነት መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግ ወጣ፣ ደርግም ወደቀ። ገንዘቡ ያን ሁሉ አልፎ አንድ ሆኖ ቆየ።

ለነገሩ አርባ አምስቱን ዓመት እንዳለ የጥጋብ ዘመን አድርጎ መሣል ውሸት ይሆናል። በደርግ ዘመን የሰሜኑ መንገድ የወታደር መንገድ ነበር፤ ሊማሊሞን የሚወርደው መኪና ከጨው ይልቅ ጥይት የጫነበት ጊዜ ይበዛል። በሩ ለተራው ነጋዴ በእውነት የተከፈተው ከ1983 ዓ.ም. ግንቦት በኋላ ነው። ኤርትራውያን በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ተለዩ፤ ነገር ግን ብሩ አብሯቸው ቀረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ከዚያም በመስከረም 1986 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሟቸው ስምምነቶች የኢኮኖሚ ፖሊሲን ማቀራረብን፣ የአሰብና የምጽዋ ወደቦችን አጠቃቀምና በብር መገበያየትን የሚመለከቱ ነበሩ። ሁለት አገር፣ አንድ ገንዘብ። ከዚያ ወዲህ ጨው፣ ጫማ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራም ሳይቀር ይወጣል፤ ከእዚህ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ቡና፣ የቀንድ ከብት ይወርዳል። ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከሦስት ሁለት እጁ የሚሆነው ገዢው ኢትዮጵያ ነበረች። ያ ጊዜ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ለምን ፈረሰ? ቅሬታው በሁለቱም ወገን ነበር። በኢትዮጵያ በኩል፣ ቡናችን በብር እየተገዛ በሌላ ስም በዶላር ይሸጣል የሚል ክስ ይሰማ ነበር። በኤርትራ በኩል ደግሞ፣ ነጻ አገር ሆኖ ሌላ አገር በሚያትመው፣ ሌላ አገር ወለዱን በሚወስንለት ገንዘብ መኖር የሚመር ነገር ነው፤ ይህንንም መረዳት አያዳግትም። ናቅፋ ሲወጣ የአሥመራ ሐሳብ አንድ ናቅፋ በአንድ ብር እየተመነዘረ ሁለቱ ገንዘቦች ድንበሩን ተሻግረው እንዲሠሩ ነበር። አዲስ አበባ እምቢ አለች። በዚህ ላይ የምፈርድባት አይደለሁም፤ የሌላውን ማተሚያ ቤት ሥራ በራሱ ካዝና ዋስ የሚሆን ማዕከላዊ ባንክ የለም። ትዝብቴ በሚቀጥለው እርምጃ ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ ከ2000 ብር በላይ የሆነ ግብይት ሁሉ በውጭ ምንዛሪ፣ በመተማመኛ ሰነድ፣ በተለምዶ ኤል ሲ በምንለው፣ እንዲፈጸም ተወሰነ።

ኤል ሲ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ገዢው ወደ ባንኩ ሄዶ ‹‹ሻጩ ይህን ያህል ዕቃ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ መላኩን የሚያረጋግጥ ሰነድ ካቀረበ ክፈሉልኝ›› ይላል። ባንኩ ገንዘቡን ይይዝበታል፤ ለሻጩ ባንክ ይጽፋል። ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ደረሰኙን፣ የጭነት ሰነዱን፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱን ለባንኩ ያስረክባል። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሰነዱ ይመለሳል። ገበያን ከማይታመን ሰው የሚያድን ብልኀት ነው፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው ከእንዲህ ያለ ወረቀት አጠገብ ነውና አላማውም። ግን ይህ ለመርከብ ጭነት የተፈለሰፈ ነገር ነው። ተከዜን ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ክርስትና የሚነሣሡ፣ በአደራ የሚበዳደሩ፣ ምናልባትም የተጋቡ ሁለት ነጋዴዎችን አስቡ። አንዱ ለሌላው አንድ መኪና ማሽላ ሊሸጥለት ሲፈልግ ገዢው በቅድሚያ ዶላር ማግኘት አለበት፤ ዶላር ደግሞ በአዲስ አበባም በአሥመራም ወረፋ የሚጠበቅለት ነገር ነው። በ1990 ዓ.ም. አንድ ዶላር በሰባት ብር ግድም ይመነዘር ስለ ነበር፣ ያ 2000 ብር ከሦስት መቶ ዶላር አይዘልም። ከዚያ በታች ያለው የጉልት ንግድ ተፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ባንክ ተላከ። በመካከሉ የሚኖረው፣ ለሱቁ ዕቃ የሚያመላልሰው ሰው መቆሚያ አጣ።

ገንዘብ መለያየት በግድ ገበያን ይዞ መጥፋት አለበት እንዳይባል፣ ቼክና ስሎቫኪያ አሉ። እነርሱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1993 አገር ተለያዩ፤ በአንድ ገንዘብ ለመቆየት ቢስማሙም የጋራ ገንዘባቸው የቆየው 38 ቀን ብቻ ነበር። ነገር ግን የጉምሩክ አንድነታቸውን አላፈረሱም፤ ለንግዳቸውም በመካከላቸው የሒሳብ ማቻቻያ መዝገብ ከፈቱ፤ አንዱ የገዛውን ከሸጠው ጋር እያወራረደ ልዩነቱን ብቻ የሚከፍልበት። ለጥቂት ዓመታት በዚያ መዝገብ እየተሻገሩ ቆይተው ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አውሮፓ ኅብረት ገቡ። በእኛው ሠፈር ደግሞ የተገላቢጦሹን እናገኛለን፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1967 የመሠረቱት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ሲፈርስ በኬንያና በታንዛንያ መካከል ያለው ድንበር እስከ 1983 ድረስ ተዘግቶ ቆይቷል። ከእኩል ምንዛሪ እምቢታ እስከ ዶላር ግዴታ ድረስ ብዙ ደረጃ ነበረ ለማለት ነው። እኛ ደረጃውን ሳንቆጥር ዘለልነው።

ናቅፋ ከወጣ በኋላ ጦርነቱ እስኪነሣ ያለፈው ጊዜ ስድስት ወር ነው። ያ ስድስት ወር በታሪክ ድርሳን ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢያገኝ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ አስተማሪው እርሱ ነው፤ ጥይት ሳይተኮስ፣ መንገድ ሳይቆረጥ፣ ድልድዩ እንደ ቆመ፣ ሹፌሩ እየተጣራ፣ ገበያው በወረቀት የተዘጋበት ጊዜ ነውና። ሰዉ ያኔ የሆነውን ስም አልሰጠውም። የአሥመራው ጫማ ‹‹ጠፋ›› ተባለ፤ የጨው ዋጋ ‹‹ወጣ›› ተባለ፤ የሑመራ ማሽላ ‹‹ገዢ አጣ›› ተባለ። ግሡ ሁሉ ባለቤት የሌለው ነው። ማን አጠፋው? ማን አወጣው? ቋንቋችን ራሱ የእንዲህ ያለውን ነገር ተጠያቂ ለመፈለግ አይመችም።

ከዚያ ግንቦት መጣ። ጦርነቱ የበላውን የሰው ሕይወት እዚህ ላይ በንግድ ሒሳብ ልመዝነው አልደፍርም። በሰኔ 1992 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ተፈረመ፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን አሳወቀ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት ዓመት ‹‹ጦርነትም ሰላምም የለም›› የሚባለው ሆነ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ከጦርነቱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቁሞ ነበር፤ አሁን ወደቡም ራሱ ተተወ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ጭነት ከመቶ ዘጠና የሚሆነው በጅቡቲ በኩል መመላለስ ጀመረ። ከጎንደር ምጽዋ በሊማሊሞና በአሥመራ በኩል ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትርማ ከጎንደር አዲስ አበባ ለመድረስም አይበቃ! በሚሌና በወልዲያ አድርጎ በወረታ የሚወጣው መንገድ ያሳጥራል ቢባል እንኳ፣ ከባሕር የሚመጣ ማንኛውም ነገር፣ ማዳበሪያው፣ ቆርቆሮው፣ የመድኃኒቱ ካርቶን፣ አሁን የቀረው መግቢያ የደቡቡ በር ብቻ ነው። ጠዳ ለጎንደር የባሕር ዳርቻ ሆነች ብል ትስቁ ይሆናል፤ በሒሳቡ ግን እውነት ነው።

በጎንደር ከተማ መውጫ፣ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ያለው የዳሸን ቢራ ፋብሪካም የተከፈተው በእነዚያው ዓመታት ነው። የአሥመራ ቢራ በመቅረቱ ተሠራ ማለቴ አይደለም፤ ፋብሪካ በአንድ ምክንያት አይሠራም። ይሁን እንጂ በር ሲዘጋ ውስጥ የሚያድግ ነገር እንዳለ መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለሠራተኛው እንጀራ፣ ለገብስ አብቃዩ ገበያ ሆኗል። ስለ ጨው ግን እንዲህ ማለት አልቻልሁም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሞሌ ከገንዘብነቱ ሲሻር የባሕር ጨው ቦታውን ያዘ። ከምጽዋና ከአሰብ የጨው እርሻዎች የሚመጣው ነጭ ጨው እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያን ገበያ በሰፊው የያዘ ነበር። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ቁም ነገር፣ ያ ጨው አዮዲን እንዲቀላቀልበት ሥራው ተጀምሮ የነበረ መሆኑ ነው። አዮዲን እጅግ ጥቂት የሚበቃን፣ ግን ካጣነው አንገት ሥር ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያብጥበት ንጥረ ነገር ነው፤ እንቅርት የምንለው። የስሜንና የወገራ ደጋ ለዚህ የተጋለጠ አገር ነው። ተራራውን ለሺህ ዓመታት ያጠበው ዝናብ ከአፈሩ ጋር አዮዲኑን ይዞት ወርዷል፤ ስለዚህ በዚያ አፈር የበቀለ ገብስ፣ ያን ገብስ የበላ ሰው፣ ሁሉም ከእርሱ የጎደሉ ናቸው። የጎደለውን መመለስ የሚቻልበት ርካሹ መንገድ ደግሞ ሀብታምም ድሃም የማይተወው ነገር ነው፤ ጨው።

የወገራ ተወላጅ የነበረችው አያቴ አንገቷ ላይ ክብ በክብ የተነቀሰ ንቅሳት ነበራት። ልጅ ሳለሁ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ጌጥም ነው፤ ግን በደጋው ሰው ዘንድ እንቅርት እንዳይወጣ የሚጠብቅ መድኃኒት ነው ተብሎም ይታመን ነበር። ለልጃገረድ አንገት በመርፌና በጥላሸት የተጻፈ የጨው ምትክ ነው ማለት ይቻላል። ተረታችንም ‹‹በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ›› የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መከራ ሲደራረብ የመጀመሪያው መከራ እንቅርት ሆኖ የተመረጠው ሁሉም ቤት የሚያውቀው ስለ ነበረ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የባሕሩ ጨው ሲቀር የአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው የአገሪቱ ዋና ምንጭ ሆነ። አፍዴራ አገሪቱን ከጨው ርኀብ አድኗታል፤ ይህ ይመሰገናል። ነገር ግን ጨዉ ከብዙ ትናንሽ አምራቾች እጅ እንዳለ፣ ሳይጣራ፣ አዮዲን ሳይነካው በጆንያ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። የጠዳ ባለሱቅ በጣሳ ሰፍሮ ሲሸጠው ጣዕሙ ያው ነው፤ ወጡም ይጣፍጣል። ‹‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ›› የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጨዉማ ጣፍጧል፤ የጎደለው ነገር ግን በምላስ የሚታወቅ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ግድም ቤት ብቻ ነበር። ብሩና ናቅፋው ከተለያዩ አሥራ ሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው።

እነዚያን ዓመታት በልጅ ዕድሜ ቁጠሩልኝ። በ1990 ዓ.ም. የተፀነሰች ልጅ በ2003 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ልትሆን ትችላለች። አዮዲን የጎደላት እናት የምትወልደው ልጅ አንገቱ ላይ ምንም ሳይታይበት አእምሮው ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞች ያስረዳሉ። ‹‹ይህች ልጅ ትምህርት አይገባትም›› ብሎ አስተማሪዋ ሲበሳጭ፣ አባቷም ‹‹እንግዲያው ከብት ትጠብቅ›› ሲል፣ በመካከላቸው አንድ የመተማመኛ ሰነድ ቆሞ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? እንቅርት ከናቅፋ በፊትም ነበረ፤ የአያቴ አንገት ምስክር ነው። ገበያው መፍረሱ በሽታውን አላመጣውም። ገና መንገድ የጀመረውን መድኃኒት ነው ከመንገድ ያስቀረው፤ ይህም ሲሆን ለማንም አልነገረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተከታይ ጥናት ከመቶው ቤተሰብ 89 ያህሉ በመጠኑም ቢሆን አዮዲን ያለው ጨው እንደሚጠቀሙ ታየ። አገር ሲተጋ እንዲህ ያለውን ነገር በአምስት ዓመት መመለስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት ዓመታት ልጆች ግን ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ እኩዮቼና ታናናሾቼ ናቸው።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ፤ በዚያው ወር አውሮፕላን በረረ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በገና ዕለት፣ የሑመራና የኦምሐጀር መሻገሪያ በሁለቱ መሪዎች ፊት ተከፈተ። ያን ሰሞን ሰው እርስ በርሱ ተቃቅፎ ያለቀሰውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ጤፉም ሲሚንቶውም ወደ ሰሜን ጎረፈ። በዚያ ደስታ መካከል በእኔ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በስንት ይመነዘራል? ለዚህ ጥያቄ በይፋ የታወጀ መልስ አልነበረም። የቀረጥም ሥርዐት አልተነገረም። ነጋዴው በየመንገዱ ዳር በራሱ ሒሳብ ናቅፋውን ከብር እያወራረደ ይገበያይ ጀመር። በታኅሣሥ ዛላምበሳ ላይ ፈቃድ ይጠየቅ ጀመር፤ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ኦምሐጀርም ቡሬም ተዘጉ። የሑመራው መሻገሪያ በይፋ ክፍት ሆኖ የቆየው አራት ወር እንኳ አይሞላም። በሩን ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት መክፈት ችለዋል፤ በ1990 ዓ.ም. የፈረሰው የክፍያ መንገድ ግን በመቀስ ሪባን በመቁረጥ የሚከፈት አልነበረም። ከዚያ በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ የ1990ው ታሪክ እንደገና በመድፍ ድምፅ ተዋጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ አሥመራ የሚያደርገውን በረራ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አቋርጧል።

አንድ ለአንድ ይመነዘሩ ዘንድ የታሰቡት ሁለቱ ገንዘቦች ዛሬ የት እንዳሉ መመልከት ያስገርማል። ናቅፋ በመንግሥቱ ተመን በዶላር 15 ላይ ተቸንክሮ ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከመቶ አልፏል። የትኛው ቁጥር እውነቱን ይናገራል ብትሉኝ፣ የሁለቱም አገር እናት ጨውና ጤፍ ስትገዛ የምትከፍለውን ጠይቁ ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ እኛ መስኮት ላይ ነበርን። አሮጌዎቹን ለመቀየር ሦስት ወር ተሰጠ። ሰዉ በከረጢት፣ በመቀነት፣ በቡና ጣሳ አድርጎ ያመጣቸው ነበር፤ ከጠዳ፣ ከማክሰኝት፣ ከወገራ። በ1990 ዓ.ም. ከናቅፋ ጋር በአንድ ሰሞን የተወለደው የኖት ትውልድ ነው ያ፤ ሃያ ሦስት ዓመት አገልግሏል። ጠርዛቸው የተበላ፣ ቅቤ የነካቸው፣ በርበሬ የሸተቱ ነበሩ። የጨው ነጋዴው ብር ግን ሳይቆጠርም ይታወቃል፤ እርጥበት ይይዛል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እያላቀቅን ቆጠርናቸው፤ መቶ መቶ አድርገን አሰርናቸው፤ ማኅተም መታንባቸው፤ ወደ ብሔራዊ ባንክ ተላኩ።